የአንዲት ነጥብ ዋጋ

በአንድ ዓመት፣ በአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ዓይነት ብር የወጡ ሁለት ሳንቲሞች፦ አንዱ በጥቂት አሥር ዶላሮች፣ ሌላው በመቶ ሺዎች ይሸጣል። ጨረታ ላይ የሚከፈለው ለምኑ ነው?

ክፍሉ ሆን ተብሎ ጨለም ተደርጓል። በየጠረጴዛው ላይ አንገቷ የሚታጠፍ አንዲት መብራት አለች፤ ሌላ ብርሃን አይፈለግም። የጨረታው ድርጅት ሠራተኛ ጠፍጣፋ ሳጥን ይዛ ትመጣለች፤ ጠያቂው ፈርሞ ይረከባል። ሳጥኑ ውስጥ ከመዳፍ በማይበልጥ ጥርት ያለ ፕላስቲክ የታሸጉ ሳንቲሞች ተደርድረዋል። ሰውዬው አንዱን ያነሳና ከመብራቱ ሥር ቀስ አድርጎ ያዘነብለዋል። ብርሃኑ በሳንቲሙ ገጽ ላይ ዞሮ እስኪመለስ ይጠብቃል። ቀጥሎ አጉሊ መነጽሩን ወደ ዓይኑ ያስጠጋና ሳንቲሙ ላይ የተቀረጸችውን ሴት ጉንጭ ይመረምራል፤ ጭረት መጀመሪያ የሚፈለገው እዚያ ነው። ገልብጦ ያያል። ከዚያም ካታሎጉ ኅዳግ ላይ፣ ጎረቤቱ እንዳያነብበት በክንዱ ከልሎ፣ አንድ ነገር ይጽፋል። የሚቀጥለውን ያነሳል። ማንም አያወራም።

በአሜሪካ ከትልልቅ የሳንቲም ጨረታዎች በፊት ለተጫራቾች የሚከፈተው የመመልከቻ ክፍል ይህን ይመስላል። በፈረንጆቹ ጥር ኦርላንዶ ውስጥ የሚካሄደው ዓመታዊ ትርዒት ሲደርስ እንዲህ ያሉ ክፍሎች ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አያጣቸውም። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ሊገዙት የመጡት ዕቃ እነሱ ሳይመጡ አስቀድሞ ተመርምሯል፣ ደረጃው ወጥቷል፣ ቁጥሩም ፕላስቲኩ ራስጌ ላይ ታትሟል። 65። 66። 67። ቁጥሩ ከታወቀ ጨለማ ውስጥ ማጎንበሱ ምን ይጨምራል?

ብዙ ይጨምራል። ቁጥሩ ዋጋውን ይጀምረዋል እንጂ አይጨርሰውም።

### የአያት ሣጥን

በእኛ ዘንድ ይህ ጉዳይ በግማሹ የታወቀ ነው። «የምኒልክ ብር ያለው ሰው ሚሊየነር ነው» የሚል መልእክት ስልኩ ላይ ያልደረሰው ሰው ጥቂት ነው። አንዳንዱ ቤት በአያት ሣጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ፣ ሁለት ሦስት ጠገራ ብር አለ። ልጆቹ ውጭ አገር ካሉ ፎቶው ተነሥቶ ይላካል፤ «እስቲ እዚያ ስንት ያወጣል?» ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙውን ጊዜ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ግማሹ ዕውቀት የሚያሳስተው ዋጋን ከዕድሜ ጋር ስለሚያስተሳስር ነው። ዕድሜ ብቻውን ግን ምንም አይደለም። ከ1600 ዓመት በፊት የተመቱ ተራ የሮማ የነሐስ ሳንቲሞች ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ገበያ በአንድ ምሳ ዋጋ ይገኛሉ፤ በብዛት ተሠርተው በብዛት ተቀብረው ስለነበር ዛሬም በብዛት ይወጣሉ። የብሩና የወርቁ ክብደት ደግሞ ዋጋው ከዚህ በታች አይወርድም የሚባልበትን ወለል ያበጃል እንጂ ጣሪያውን አይነካም።

ጠገራው ራሱ ጥሩ ምስክር ነው። ማርትሬዛ በሚባለው በዚህ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው፤ ምስሏ ያለበት ንግሥት ያረፈችበት ዓመት። ነገር ግን ይኸው ዓመት ሳይለወጥ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲመታ ኖሯል። ሙሶሎኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ እንኳ ጣሊያን የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ በ1935 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተቀብላ ራሷ ማምረት ጀምራለች። ስለዚህ በእጅ ያለው «የ1780» ብር ከባለቤቱ አባት የማይበልጥ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። አብዛኛው ጠገራ ዛሬም የሚሸጠው ከብሩ ክብደት እምብዛም ባልራቀ ዋጋ ነው።

### ሻጩ ሲናገርና ገዥው ሲናገር

ደረጃ አውጪ ድርጅቶች ከመምጣታቸው በፊት የነበረውን ጊዜ የሚያስታውሱ አንጋፋ ነጋዴዎች ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ይስቃሉ። ያው ነጋዴ ሲሸጥልህ «እንከን የለሽ» ያለውን ሳንቲም፣ ከዓመት በኋላ መልሰህ ልትሸጥለት ስትመጣ «ደህና ነው፣ ግን ትንሽ ታሽቷል» ይልሃል። ሳንቲሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተናጋሪው የቆመበት ወገን ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ገንዘቡን አጣ።

ከ1 እስከ 70 ያለው መለኪያ ያኔም ነበረ። ያወጣው ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው ሲሆን፣ በ1949 ስለ ድሮዎቹ ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ነው ያቀረበው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ 1 ተብሎ የተመደበው ምን እንደሆነ ለመለየት ብቻ የሚበቃ ያለቀለት ሳንቲም አንድ ዶላር ካወጣ፣ 70 የተባለው ፍጹም ሳንቲም 70 ዶላር ያወጣል። ቁጥሩ ሲወለድ የዋጋ ቀመር ነበር ማለት ነው። ቀመሩ ብዙም ሳይቆይ በገበያው ፊት ወደቀ፤ ቁጥሮቹ ግን ቀሩ። (ሼልደን ራሱ በኒውዮርኩ የአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር ስብስብ ውስጥ የነበሩ ምርጥ ሳንቲሞችን በራሱ ዝቅተኛ ሳንቲሞች ሲተካ እንደነበር ከሞተ በኋላ ተደርሶበታል። የዛሬው ገበያ የሚተማመንበትን መለኪያ የሰጠው ሰው ይህ መሆኑን ሰብሳቢዎች ማስታወስ አይወዱም።)

ለውጡ የመጣው በ1986 ነው። በዚያ ዓመት ፒሲጂኤስ የተባለው ድርጅት በካሊፎርኒያ ሥራ ጀመረ፤ በዓመቱ ኤንጂሲ ተከተለ። ሁለቱም የሚሸጡት አንድ ነገር ነው፦ ሻጭም ገዥም ያልሆነ ሰው የሚሰጠውን ፍርድ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሳንቲሙ በፖስታ ይደርሳል፤ የላኪው ስም ተነጥሎ በመለያ ቁጥር ይተካል። መርማሪው የማን ንብረት እንደሆነ አያውቅም። መብራቱ ሥር በጠርዙ ይዞ ያየዋል፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። የምቱን ጥንካሬ፣ የጭረቱን ቦታና ጥልቀት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወዙን ይመዝናል፤ አዲስ ብረት ከመምቻው ሲወጣ ገጹ ላይ የሚቀረውንና አንዴ ከታሸ የማይመለሰውን ያንን ተፈጥሯዊ ብልጭታ። ቁጥሩን ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባል። ሁለተኛው መርማሪ የመጀመሪያውን ፍርድ ሳያውቅ የራሱን ያስገባል። በመጨረሻ ከሁሉም በላይ ያለው ሰው ይወስናል፤ ሳንቲሙም ሳይሰበር በማይከፈት ፕላስቲክ ይታሸጋል። ከ60 እስከ 70 ያሉት አሥራ አንድ እርከኖች በገበያ ላልዞረ ሳንቲም ብቻ የተተዉ ናቸው። በ2010 ደግሞ በእርከኖቹ መካከል ገብታ «ትንሽ ከፍ ያለ» የምትል የመደመር ምልክት ተጨመረች፤ ያቺ ምልክት ብቻዋን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ልታመጣ ትችላለች።

> ገዥው መጀመሪያ የሚገዛው የጥርጣሬን መወገድ ነው።

ከዋስትናው ዋናው ቁምነገር ድርጅቶቹ ለፍርዳቸው ገንዘብ ማስያዛቸው ነው። ሳንቲሙ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ወይም ደረጃው ያለአግባብ ከፍ ብሎ ከተሰጠ፣ ድርጅቱ ልዩነቱን ይከፍላል። ስለዚህ ዱባይ ወይም ቶኪዮ ያለ ሰው ዳላስ ውስጥ ለሚሸጥ ሳንቲም በዓይኑ ሳያይ በስልኩ ሊጫረት ይችላል። ተጫራቹ በዛ፤ ዋጋውም አብሮ ወጣ። በዎል ስትሪት ያሉ የገንዘብ ተቋማት ሳይቀሩ ይህን አይተው በ1980ዎቹ መጨረሻ የሳንቲም ፈንድ አቋቋሙ። ገበያው በ1989 ጣሪያ ነክቶ ከዚያ ተንኮታኮተ። ፕላስቲኩ ጥርጣሬን አስወገደ እንጂ የገዥን ስሜት አላስወገደም።

### በሚሊዮን ተመትቶ ብርቅ የሚሆን

በሳን ፍራንሲስኮ በ1884 የተመታው፣ ሞርጋን የተባለው የብር ዶላር የዚህን ገበያ ጠባይ ከማንኛውም ገለጻ በላይ ያሳያል። 3.2 ሚሊዮን ያህል ተመትቷል። በአሜሪካ ምዕራብ የነበረ ሕዝብ የወረቀት ገንዘብ ስለማይወድ ብሩ ወዲያው ወደ መጠጥ ቤቱ፣ ወደ ማዕድን ሠራተኛው፣ ወደ ከብት ነጋዴው ኪስ ገባ። ዛሬ የታሸ የ1884 የሳን ፍራንሲስኮ ዶላር በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገኛል። ያልተነካው ግን የለም ማለት ይቻላል፤ የተገኘው ከ65 በላይ ደረጃ ካለው በመቶ ሺዎች ይጠራል። ጎረቤቱ፣ የ1881ዱ የዚያው ፋብሪካ ዶላር፣ በተቃራኒው በከረጢት እንደታሰረ ካዝና ውስጥ አርጅቶ ስለወጣ 65 የተባለውን ማንም መካከለኛ ደሞዝተኛ መግዛት ይችላል። ስንት ተመታ የሚለው ጥያቄ የሚመስለውን ያህል አይመልስም። ስንቱ በምን ሁኔታ ተረፈ ነው ነገሩ።

የመትረፉ ጉዳይ ደግሞ በመንግሥትም እጅ ተዛብቷል። በ1918 በወጣ ሕግ የአሜሪካ መንግሥት ከ270 ሚሊዮን በላይ የብር ዶላሮችን አቅልጧል፤ አብዛኛው ብር በጦርነቱ ጊዜ ለብሪታንያ ተሽጦ ወደ ሕንድ ሄደ። የትኛው ዓመት፣ የትኛው ፋብሪካ ስንት እንደቀለጠ የመዘገበ የለም። ስለዚህ ሰብሳቢዎች ለአሥርት ዓመታት በግምት ሲኖሩ፣ በ1962 መጨረሻ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ከካዝናው ከረጢቶችን ማውጣት ጀመረ። እስከዚያ ድረስ የ1903 የኒው ኦርሊንስ ዶላር የብርቆች ብርቅ ነበር፤ ያልታሸው በዋጋ መዘርዝር ላይ 1500 ዶላር ተጽፎበት ነበር። ከረጢቶቹ ሲከፈቱ በሺዎች ወጣ፤ ዋጋው በሳምንታት ውስጥ ወደ ጥቂት አሥር ዶላሮች ወረደ። የዚያን ዘመን ታሪክ የሚያውቁ ሰዎች «ብርቅ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ዛሬም «እስካሁን» ብለው ይጨምሩበታል።

ዛሬ ያንን ፍርሃት በከፊል የሚያስታግሰው ደረጃ አውጪዎቹ የሚያሳትሙት ቆጠራ ነው። ከእያንዳንዱ ዓይነት በየእርከኑ ስንት ሳንቲም እንደታሸገ ማንም ገብቶ ያያል። በ66 ላይ አርባ ሳንቲም፣ በ67 ላይ ሦስት፣ ከዚያ በላይ ምንም የሚል መስመር ሲታይ ዋጋው በሦስቱ ላይ ይዘላል። በ66ና በ67 መካከል ያለው ልዩነት ለተራ ሰው ዓይን ጉንጩ ላይ ያለች አንዲት ቀጭን ጭረት ልትሆን ትችላለች፤ የዋጋው ልዩነት ግን አምስት እጥፍ፣ አንዳንዴም አሥር እጥፍ ነው። ቡና የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ አይገርመውም። በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንደኛ የወጣው ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ ሲሸጥ፣ ጥቂት ነጥቦች ዝቅ ያለው ቡናም እጅግ ግሩም ቡና ነበር። ጫፉ ላይ ያለችው ነጥብ ዋጋ የምታወጣው ከሥሯ ካሉት ጋር በተመሳሳይ ሚዛን አይደለም።

የዚህ ጫፍ ምሳሌ በ2021 ታየ። በ1893 በሳን ፍራንሲስኮ 100,000 ብቻ የተመታው የሞርጋን ዶላር፣ ከታወቁት ሁሉ ምርጥ የተባለውና 67 የተሰጠው፣ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። የዚሁ ዓይነት የታሹ ወንድሞቹ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይገኛሉ።

ቆጠራው ግን ራሱ ሙሉ በሙሉ የሚታመን አይደለም። ነጋዴ 66 የተባለ ሳንቲም 67 ይገባዋል ብሎ ሲያምን ፕላስቲኩን ሰብሮ እንደገና ይልከዋል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። አሮጌው መለያ ወረቀት ካልተመለሰ ያው አንድ ሳንቲም በቆጠራው ላይ አምስት ሆኖ ይታያል። ይህን መስበር እንደ ሥራ የያዙ ሰዎች አሉ፤ ከሚልኳቸው አሥር አንዱ ካለፈ ኪሳራቸውን ያካክሳል። እኔ ከዚህ ገበያ ልማዶች ሁሉ እውነቱን ገልጦ የሚያሳየው ይህ ይመስለኛል፦ ፍርዱ የሰው ፍርድ ነው፤ ሰውም ሰኞና ዓርብ አንድ ዓይነት አያይም።

### አረንጓዴዋ ምልክት

መመልከቻው ክፍል ውስጥ የሚያጎነብሱት ለዚህ ነው። 65 የተባሉ ሁለት ሳንቲሞች እኩል አይደሉም። አንዱ ለጥቂት 66 የሳተ ነው፤ ሌላው ለጥቂት ከ64 ያመለጠ። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ልምድ ያለው ዓይን ግን ይለያቸዋል።

ይህን ልዩነት ንግድ ያደረገው ጆን አልባኒዝ ነው። ፒሲጂኤስን ካቋቋሙት ነጋዴዎች አንዱ ነበር፤ ከዚያ ወጥቶ ኤንጂሲን መሠረተ፤ በ2007 ደግሞ ሲኤሲ የተባለውን ድርጅት ይዞ መጣ። የሲኤሲ ሥራ መጀመሪያ ላይ ደረጃ ማውጣት ሳይሆን የወጣውን ደረጃ እንደገና ማየት ነበር። ሳንቲሙ ለተሰጠው ቁጥር በሚገባ የሚበቃ ከሆነ ፕላስቲኩ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይለጠፍበታል፤ ቁጥሩ ካነሰበት ወርቃማ። የማይበቃ ከሆነ ያለ ምልክት ይመለሳል። ጥርጣሬን ለማስወገድ በመጣ ፍርድ ላይ ሌላ ጥርጣሬ የሚያስወግድ ፍርድ ተጨመረ ማለት ነው። ገበያው ይህን ሲሰማ መሳቅ ይችል ነበር፤ ግን ከፈለ። አረንጓዴዋን የያዘ ሳንቲም ከሌላው በሚታይ ልዩነት ይሸጣል። ሲኤሲ በ2023 ደግሞ ራሱ ሳንቲም አሽጎ ደረጃ ማውጣት ጀምሯል።

ከምልክቱም ውጭ በቁጥር የማይያዝ ነገር አለ፤ ውበት። ብር ለመቶ ዓመት በወረቀት አልበም ወይም በከረጢት ውስጥ ሲቀመጥ ከጠርዙ ጀምሮ ይለወጣል፤ ወርቅማ፣ ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ ቀለም ያወጣል። ተፈጥሯዊ ሆኖ ሲያምር ሰብሳቢዎች ለአንድ የ65 ሳንቲም የ67 ዋጋ ሲከፍሉ ይታያል። አንዳንዱ ነጋዴ ይህን «ለዝገት መክፈል» ብሎ ያፌዝበታል። ገንዘብ ባለበት ደግሞ አስመሳይ አይጠፋም፤ በሙቀትና በኬሚካል ቀለሙን በአንድ ሌሊት የሚያወጡ፣ ጭረቱን በሚሞላ ቅባት የሚደብቁ ሰዎች አሉ። ነጋዴዎች «የሳንቲም ሐኪሞች» ይሏቸዋል፤ በአድናቆት አይደለም።

### የፋሩቅ ወርቅ

የዋጋ ታሪክ ሁሉ የሳንቲሙ ገጽ ላይ አይገኝም። በሰኔ 2021 ኒውዮርክ ውስጥ ሰዝቢስ የተባለው ጨረታ ቤት አንድ የወርቅ ሳንቲም በ18.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠ፤ እስከዚያ ድረስ ለአንድ ሳንቲም በጨረታ ያን ያህል ተከፍሎ አያውቅም። ደረጃው 65 ነበር። ከእሱ በላይ ቁጥር ያላቸው የዚያው ዓይነት የወርቅ ሳንቲሞች፣ ዓመታቸው ሌላ ሆኖ፣ በብዙ እጥፍ ባነሰ ዋጋ በየጨረታው ይሸጣሉ።

ይህ የ1933 ሃያ ዶላር ነው። በዚያ ዓመት 445,500 ተመትቶ ነበር። ነገር ግን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ወርቅ ከሕዝብ እጅ እንዲሰበሰብ ስላዘዙ አንዱም በይፋ ሳይወጣ በ1937 ቀለጠ። ጥቂቶች ግን ከፋብሪካው ሾልከው ወጡ። አንዱ የግብፁ ንጉሥ ፋሩቅ እጅ ገባ፤ ንጉሡ ሳንቲም ብቻ ሳይሆን ቴምብርም፣ ሰዓትም፣ ያገኙትን ሁሉ የሚሰበስቡ ሰው ነበሩ። በ1944 ወኪሎቻቸው የመውጫ ፈቃድ ጠየቁ፤ የአሜሪካ ግምጃ ቤትም ነገሩን ሳያጣራ ፈረመ። ሳንቲሙ የተሰረቀ የመንግሥት ንብረት ነው ተብሎ ሲታወቅ ካይሮ ደርሶ ነበር። ፋሩቅ በ1952 ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ስብስባቸው በ1954 ካይሮ ላይ ለጨረታ ሲቀርብ አሜሪካ ያ ሳንቲም ከጨረታው እንዲወጣ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመት ገደማ ጠፋ።

በ1996 አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ ኒውዮርክ በሚገኘው ዎልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ሊሸጠው ሲል ገዥ መስለው የቀረቡት የመንግሥት ደኅንነት ሰዎች ያዙት። ክሱ በስምምነት ተጠናቀቀ፦ ሳንቲሙ ይሸጥ፣ ገንዘቡ ይካፈል። በክርክሩ ጊዜ የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃዎች ካዝና ውስጥ ነበር፤ ሕንፃዎቹ ከመውደማቸው ሁለት ወር ገደማ በፊት ወደ ፎርት ኖክስ ተዛወረ። በሐምሌ 2002 በ7,590,020 ዶላር ተሸጠ። መጨረሻ ላይ ያለችው ሃያ ዶላር ቀልድ አይደለችም፤ ሳንቲሙ ሕጋዊ ገንዘብ እንዲሆን ገዥው ለመንግሥት የከፈላት የፊት ዋጋው ናት።

> ከእሱ ጋር የተመቱት በሕግ የተከለከሉ ናቸው። ይኸኛው ወረቀት አለው።

በ2004 አንድ የፊላደልፊያ ቤተሰብ ከካዝናው አሥር የ1933 ሳንቲሞች አግኝቶ ለምርመራ ቢያቀርብ መንግሥት ወረሳቸው፤ ከዓመታት ክርክር በኋላም ፍርድ ቤቱ ለመንግሥት ፈረደ። የአሥሩ መገኘት ዋጋውን ማውረድ ነበረበት፤ ሊሸጡ ስለማይችሉ ግን የፋሩቁን ይበልጥ ብቸኛ አደረጉት። ጨረታ ቤቶች የባለቤትነት ታሪክን ካታሎግ ውስጥ ገጽ ሙሉ የሚጽፉት ለዚህ ነው። የታወቀ ሰብሳቢ ስም መለያ ወረቀቱ ላይ ካለ፣ አንድ ሳንቲም ለአርባ ዓመት ገበያ ላይ ሳይታይ ቆይቶ ከወጣ፣ ዋጋው ላይ ይጨመራል። በየዓመቱ ከጨረታ ጨረታ የሚዞር ሳንቲም ግን «ምን ሆኖ ነው?» ያስብላል።

### ሁለት እልኸኞች

ጨረታ ሁለት ሰው ይፈልጋል። እልኸኛው አንዱ ብቻ ከሆነ ዋጋው የሚቆመው ሁለተኛው ካቆመበት አንድ እርምጃ ከፍ ብሎ ነው፤ የመጀመሪያው ስንት ለመክፈል እንደተዘጋጀ ማንም አያውቅም።

በ1794 የተመታው የመጀመሪያው የአሜሪካ የብር ዶላር ሁለቱንም ገጽ አይቷል። ከ1,758ቱ ምርጡ፣ ምናልባትም መጀመሪያ ከመምቻው የወጣው ተብሎ የሚታመነው፣ በጥር 2013 ኒውዮርክ ላይ ስታክስ ባወርስ ባካሄደው ጨረታ 10,016,875 ዶላር አወጣ። መዶሻው የወደቀው በ8,525,000 ነበር፤ የቀረው የጨረታው ድርጅት ከገዥው የሚቀበለው 17.5 በመቶ ነው። (ዛሬ ይህ ድርሻ በብዙ ቦታ ከ20 በመቶ አያንስም፤ ጋዜጦች የሚጽፉት ዋጋ እሱን ደምሮ ነው። ለሻጩ የሚደርሰው ግን ከመዶሻው ዋጋ በታች ሊሆን ይችላል።) ያው ሳንቲም በ2020 ላስ ቬጋስ ላይ እንደገና ቀረበ። ባለቤቱ ካስቀመጠው ዝቅተኛ ዋጋ ላይ የሚደርስ ስላልተገኘ ሳይሸጥ ተመለሰ። ደረጃው ያው፣ አረንጓዴ ምልክቱ ያው፣ ታሪኩም ያው ነበር።

እልህን የሚያመርት መሣሪያም ተሠርቷል። ሁለቱ ትልልቅ ደረጃ አውጪዎች ሰብሳቢዎች ስብስባቸውን መዝግበው የሚወዳደሩበት የደረጃ ሰንጠረዥ አላቸው። ነጥቡ የሚሰላው በሳንቲሞቹ ቁጥር ስለሆነ፣ ሁለተኛ የሆነ ሰው አንደኛውን ለማለፍ የሚጎድለው አንድ 67 ብቻ ሊሆን ይችላል። ያ 67 ጨረታ ላይ ሲወጣ የሚከፍለው ለሳንቲሙ አይደለም። ይህን የሚያውቁ ነጋዴዎች ሰንጠረዡን ከሰብሳቢዎቹ በላይ ያነቡታል።

ለዚሁ ሰንጠረዥ ሲባል በየዓመቱ የሚመቱ አዳዲስ የብር ሳንቲሞች እንኳ እየታሸጉ 70 ይሰጣቸዋል። እነዚህ ከፋብሪካ እንደወጡ የሚላኩ ስለሆኑ 69ና 70 ማግኘታቸው የተለመደ ነው፤ የ70ው ዋጋ ትንሽ ቆይቶ ወደ ብሩ ዋጋ ሲንሸራተት ደጋግሞ ታይቷል። አዲስ ጀማሪዎች የሚቃጠሉት በብዛት እዚህ ነው።

### በአመድ የታጠበ ብር

ወደ አያት ሣጥን እንመለስ። የምኒልክ ብር በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ተመትቶ መጣ፤ ዓመቱም በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ ተብሎ ተጽፎበታል። ክብደቱ ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ እንዲተካ 28 ግራም ያህል ተደርጎ፣ ከሥሩ አላድ፣ ሩብና ተሙን ተከተሉት። ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚያዩት ዓመቱንና አንበሳው ያነሳውን እግር ነው፤ ግራውን ነው ወይስ ቀኙን? የመጀመሪያዎቹ በቁጥር ከኋለኞቹ በእጅጉ ያነሱ ናቸው። እነዚህ ብሮች በአሜሪካ ደረጃ አውጪዎች እየታሸጉ በዓለም አቀፍ ጨረታ ይቀርባሉ። በገበያ ሳይዞሩ፣ ወዛቸውን ይዘው የተረፉት ጥቂት ናቸው፤ ሰብሳቢዎች የሚሽቀዳደሙትም ለእነሱ ነው።

ቀሪዎቹን ምን አገኛቸው? ግማሹ ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆነ። ግማሹ ተበስቶ ወይም ማንጠልጠያ ተበይዶበት አንገት ላይ ዋለ። የተረፈውን ደግሞ ቤተሰብ እንግዳ ሲመጣ እንዲያበራ በአመድ፣ በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና ፈትጎ አጠበው። ደረጃ አውጪው ፊት ይህ ሁሉ አንድ ነው፦ ቁጥር አያገኝም። ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ እውነተኛ ነው ይባልና «ተጠርጓል»፣ «ተበስቷል»፣ «ማንጠልጠያው ተነቅሏል» የሚል ቃል ይጻፍበታል። በአንድ ቀን እጥበት የጠፋውን ወዝ የሚመልስ የለም፤ ከዋጋው ግማሹን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዞ ይሄዳል። አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን «ምነው አጽድቼ በላክሁት!» ብለው የሚያዝኑትን ያህል፣ ነጋዴዎቹ «ምነው ባላጸዱት!» ይላሉ።

የአክሱም ሳንቲም ጉዳይ የተለየ ነው። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ ለጥቂት መቶ ዓመታት በወርቅ፣ በብርና በነሐስ የተመቱት፣ አንዳንዶቹም ነሐሳቸው ላይ የወርቅ ቅብ ያላቸው፣ በውጭ ጨረታዎች ላይ ይታያሉ። ከኢትዮጵያ ማውጣታቸው ግን በቅርስ ሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ እርሻው ላይ ሳንቲም ያገኘ ገበሬ መጠየቅ ያለበት ስለ ደረጃ ሳይሆን ስለ ቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው።

የአንገት ብር ያላቸው ሰዎች በጣም የሚጠይቁት ሌላ ነገር ነው፤ ማንጠልጠያውን አስነቅሎ ለደረጃ መላክ ያዋጣል ወይ? ነጋዴዎች የሚመልሱት ብየዳው ሲነቀል ጠርዙ ላይ ጠባሳ ይቀራል፣ መለያው ላይም ይጻፋል ብለው ነው። የማሸጊያውና የፖስታው ክፍያ ሲደመር ከሳንቲሙ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ማንጠልጠያው እንዳለ ከሆነ ግን ሌላ ገዥ አለ፦ የሐብል ፈላጊ። እሱ ገበያ ሲወጣ የብር ሠሪውን ሚዛንና የሰንሰለቱን ርዝመት ይጠይቃል፤ አንበሳው የቱን እግር እንዳነሳ አያይም።